ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው የሠሩት የወ/ሮ አስካለ ገብረትንሣኤ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ አስካለ ገብረትንሣኤ ከአባታቸው ከአቶ ገብረትንሣኤ አርአያ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ይመኙሻል ተስፋሁን ሰኔ 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥላሴ አካባቢ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። በትምህርታቸው የተመሰገኑ ነበሩ ብሎ መጻፍ የወግ ነው፤ እውነቱ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላቸው ልጅ ነበሩ። እናታቸው ጨው ሲልኳቸው ከሥላሴ እስከ ፒያሳ ያለውን ወሬ ሁሉ ሸክፈው ይመለሱ ነበር፤ ጨው ግን የለም።

በ1971 ዓ.ም. ፒያሳ በሚገኝ አንድ መነጽር ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው የመነጽር መስታወት በፍሬሙ ልክ መሞረድ ነበር። ለእርሳቸው ዓይነት ሰው ከዚህ የባሰ ሥራ አይገኝም። መስታወቱ መሞረጃው ላይ ሳለ ዓይን ለአፍታ ከተነሣ አለቀለት። በዚያ በር የሚያልፈው ሰው ሁሉ ደግሞ ያውቃቸዋል፣ እርሳቸውም የማያውቁት የለም፤ ሰላምታውም ልጅ እንዴት ነው፣ ጎረቤት እንዴት ነው እየተባለ ማለቂያ የለውም።

ከዕለታት አንድ ቀን አቶ ማቲዎስ የተባሉ የከባድ መኪና ሹፌር ጭነት ይዘው ወደ ደሴ ሊወጡ መነጽራቸውን ተቀምጠው ይጠባበቁ ነበር። ወ/ሮ አስካለ አንዲት ወዳጃቸው ከበሩ ላይ «አስኩዬ!» ብላ ስትጣራ ቀና አሉ፤ መስታወቱ ለሁለት ተከፈለ። የዚያ ቁጥር መስታወት ሌላ አልነበረምና ጭነቱን ሌላ ሹፌር ወሰደው። አቶ ማቲዎስ አልተቆጡም። «ሰላም ማለት ጥሩ ነው ልጄ፤ የእኔ እንጀራ ግን ይኸው መሬት ላይ ነው» ብለው ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። ወ/ሮ አስካለ ቢሰደቡ ይሻላቸው ነበር።

በማግስቱ ጠረጴዛቸውን አዞሩና ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሥራ ከጀመሩ እስከ ስድስት ሰዓት ሰላምታ የለም፣ ወሬ የለም፣ ኋላም ዘመኑ ሲመጣ ሞባይል የለም። የአራዳ ልጅ መች ዝም ይላል፤ «አስካለ ጀርባ» ብሎ ስም አወጣላቸው። እርሳቸው ግን ጠዋት የነፈጉትን ሰላምታ በምሳ ሰዓት ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ፣ አንዳንዴም እህል ሳይቀምሱ፣ ሲከፍሉ ይውሉ ነበር። ደግሞ ረግተው ተቀመጡ ማለት አይደለም። በ1976 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ያገቧቸው የወርቅ ሠሪው አቶ ፍቅሬ፣ ባለቤታቸው ከወገብ በላይ ሐውልት፣ ከወገብ በታች ባቡር ናቸው እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር አንድም ቀን አርፎ አያውቅም። ከዚህ ጋብቻም ኢዩኤልን እና ሜላትን አፍርተዋል።

በ2003 ዓ.ም. የሆነው ግን ቀልድ አልነበረም። ከመነጽር ቤቱ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት ወ/ሮ ዐፊፋ የልብ ጓደኛቸው ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት የወ/ሮ ዐፊፋ ባለቤት አቶ ረሻድ በድንገት ዐረፉ፤ ቀብሩም ዕለቱኑ ሆነ። መርዶው ሲደርስ ወ/ሮ አስካለ መነጽሯ የተሰበረባትን የአንዲት ነርስ መስታወት እየሞረዱ ነበር። ነርሷ ከሰዓት ተረኛ ናት፤ የመድኃኒት ስም በዳበሳ አይነበብም። «ጨርሼ እመጣለሁ» አሉ። ጨርሰው ሲደርሱ ሰው ከቀብር ተመልሷል። ወ/ሮ ዐፊፋ አዩዋቸውና «አሁን መጣሽ? ረሻድ የሚጠብቅሽ መስሎሽ ነው?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሰፈሩም ተቀየመ። የዕድር ሰዎች «ሰው ለመቅበር ጊዜ ያጣ፣ እሱን ማን ጊዜ አግኝቶ ይቀብረዋል?» አሉ። ወ/ሮ አስካለ እንቅልፍ አጡ። ጠረጴዛቸውን ወደ በሩ ሊመልሱት አስበው ነበር፤ ነርሷ ትዝ እያለቻቸው ተዉት። ይልቅ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ ወ/ሮ ዐፊፋ ቤት እየሄዱ በሩ አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። የሚያናግራቸው አልነበረም። ሦስት ቀን አለፈና ለቀስተኛው ተበተነ፤ አርባው ወጣና ዘመዱም ወደየቤቱ ሄደ፤ እርሳቸው ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። ያገኙትን ዕቃ ያጥባሉ፣ ልብስ ያጣጥፋሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ። ክረምቱ ከገባ በኋላ አንድ ማታ ዝናብ አግዷቸው አምሽተው ደረሱ። ወ/ሮ ዐፊፋ በሩን ራሳቸው ከፍተው «ዛሬስ ዘገየሽ» አሏቸው። ወ/ሮ አስካለ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ እህትማማች ሆነው ኖሩ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለልማት ሲነሣ መነጽር ቤቱ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ የወ/ሮ ዐፊፋም ሱቅ ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወር የማታው ነገር አልተቋረጠም። ያም ሆኖ ያን የቀብር ቀን ከሥራዬ መነሣት ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም የሚለው ጥያቄ ወ/ሮ አስካለን ዕረፍት ነሥቷቸው ኖሯል። አንድ ቀን ነበረብኝ ይላሉ፤ በማግስቱ፣ ታዲያ ነርሷስ ይላሉ።

ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። አልጋ ለእርሳቸው እስር ቤት ነበር፤ ስንት ሰዓት ሆነ እያሉ ቤተሰቡን ያስጨንቁ ነበር። ወ/ሮ ዐፊፋ በየቀኑ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቃቸውን ቆልፈው አጠገባቸው ይውሉ ጀመር። ወ/ሮ አስካለ ተቆጡ፤ «በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ። ወ/ሮ ዐፊፋም «ዝም በይ፤ ሱቅ አይሞትም» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ወ/ሮ አስካለ ሰዓት ጠይቀው አያውቁም። ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ እጃቸው በወ/ሮ ዐፊፋ እጅ እንዳለ፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ወ/ሮ አስካለ ባለቤታቸውን አቶ ፍቅሬን፣ ልጆቻቸውን ኢዩኤልን እና ሜላትን፣ እንዲሁም እህታቸውን ወ/ሮ ዐፊፋን ትተው አልፈዋል። ነፍሳቸውን ፈጣሪ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ በሕይወት ሳሉ ያላገኙትን ዕረፍት እርሱ ዘንድ ያግኙ።

ቀብራቸው ከሥራ ሰዓት ውጪ እንዲሆን ለምነው ነበር፤ ቤተሰቡ ይህን ቃላቸውን ሊፈጽም ስላልቻለ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። ስለዚህ ከቀብሩ መልስ ሥራ የሚጠብቃችሁ ሁሉ ያለ ሐሳብ ሂዱ፤ አይቀየሟችሁም። አቶ ፍቅሬ ግን ድንኳኑ ተነሥቶ ልጆቹም ወደየቤታቸው ሲሄዱ ብቻቸውን ናቸውና፣ በሚመጣው ወር፣ ከዚያም በኋላ፣ ማታ ከሥራ ስትወጡ ብቅ በሉላቸው።