የጸሎት ቤቱ በር

ሞንብሬ ግንብ፣ አንዡ
በጌታ ልደት 1146 ዓመት፣ የቅዱስ ማርቲን በዓል ማግስት

የሆዴ ፍሬ፣ የዓይኔ ብርሃን ኦዲየርን፤

እንደምን ከርመሻል? የብሪታኒ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እማሆዮቹስ ጠግበሽ እንድትበዪ ይፈቅዱልሻል? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም እንደ ትናንቱ ደህና ሆኜ አላውቅም። የአባትሽ ወንድም ፉሼ ሞቷል።

ገዳም ሲያስገባሽ ገና ልጅ ነበርሽ፤ እውነቱን የነገረሽ የለም። አባትሽን ወንበዴ ገደለው ብለውሻል። ወንበዴ ማሳደዱስ አሳድዶታል፤ ግን አባትሽ እኮ ደጃችን ደርሶ ነበር። «ወንድሜ፣ ክፈትልኝ!» እያለ በሩን ሲደበድብ፣ ፉሼ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት።

«ድምፁ የወንድሜን አይመስልም» አለኝ።

ከዚያ ግንቡን ወረሰ፤ አንቺን ከዓይኔ አራቀ፤ እኔን በገዛ ቤቴ እስረኛ አደረገኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጽዋውን እየቀዳሁ፣ እየሳቅሁለት ኖርሁ።

ትናንት በበዓሉ ግብዣ ዘበኞቹን በአዲሱ ወይን አሰከርኋቸው። የጓሮውን በር ለወንድሜ ለቲቦና ለወታደሮቹ ከፈትሁላቸው። ፉሼ ባዶ እጁን ወደ ጸሎት ቤቱ ሮጠ፤ እዚያ የተጠጋን ሰው ማንም አይነካውማ። እኔ ግን ቀድሜው ገብቼ ከውስጥ ዘግቻለሁ።

«ሄርሳንድ! እህቴ! በማርያም፣ ክፈችልኝ!»

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ፉሼ!»

«ድምፅህ የፉሼን አይመስልም» አልሁት።

ገባው። የቲቦ ሰዎች ሲደርሱበት እንኳ አልጮኸም።

ቄሱ ዛሬ ጠዋት «ንስሐ ካልገባሽ አላቆርብሽም» አሉኝ።

«እሱን ግን ሲያቆርቡት ኖረዋል፣ አባቴ» ብላቸው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

እንግዲህ ነይ ልጄ። ግንቡ ያንቺ ነው። ቲቦ ፈረስና አጃቢ ይልክልሻል። መጋለብ አልረሳሽም አይደል? ገዳም ሳትገቢ ያስተማረሽ ፉሼ ነበር። አንድ ቀን ከኮርቻ ወድቀሽ ራስሽን ስትስቺ፣ አቅፎሽ እንደ ሴት ሲያለቅስ በመስኮት አይቼዋለሁ። ለምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ።

የአባትሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ይጠብቅሽ። ለፉሼ ካለቀስሽለት ግን እንዳትጽፊልኝ። ዝም ብለሽ ነይ።

የምትወድሽ እናትሽ
ሄርሳንድ