ሰባተኛዋ ክር

ለወንድሜ ለአምሀ፣
ጅጅጋ

ቤዝ ጊታርህን ሳትነግረኝ ሸጥክ። ይህም አልበቃ ብሎህ ባለፈው ዓመት መስቀል፣ ቡኢ በአባታችን ግቢ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሙዚቃውን ሲጠብቅ፣ «ያለ እኔ ቤዝ የጋሼ ገሠሠ ጊታር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው» ብለህ ሰው አሳቅህብኝ። ሠላሳ አንድ መስቀል አብረን ተጫውተናል። በሠላሳ ሁለተኛው ጊታሬን ታቅፌ እንደ እንግዳ ተቀምጬ እንድውል አደረግኸኝ። በደልህ ይህ ነው። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ ከሆዴ ሳይወጣ ሰላምታ ብጽፍልህ ውሸታም እሆናለሁ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንደምን ሰንብተሃል? ያ ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ያምሃል? የጅጅጋ ነፋስና አቧራ ዓይንህን ያስቸግረው ነበር፤ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ምሥራቅስ እንዴት ናት፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውጣለች? ልጆችህ ማርቲና ሱራፌልስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለቤቴ ሰገነት በክረምቱ ወገቧን አሟት ነበር፤ ወልቂጤ የምታስተምረው የእህታችን የውድነሽ ልጅ ሃይሚ አታት ሆስፒታል ወስዳ አሳክማት አሁን ቀና ብላ ትሄዳለች። እኔም ሰባ ሁለት ዓመቴን ይዤ፣ መነጽሬን ካደረግሁ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ሰው አልጠራም። ስልክ እንደማልወድ ታውቃለህ። የማስረዳህ ነገር ረጅም ስለሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ አንተም ቁጭ ብለህ አንብበው።

ያን ቀን ከቡኢ ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ። ነገሩን እስከ ጥር በሆዴ ይዤ ከረምኩና ከመናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ሸምሶ ሱቅ ሄድኩ። የኔንና የቤዙን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት ጊታር እንዳለ ጠየቅሁት። ሸምሶ ነጋዴ ነው፤ የለም አይልም። አዲስ አበባ ደውሎ ሲያበቃ ባለ ሰባት ክር የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር እንዳለ፣ ግን የሚይዙት ፀጉራቸውን ያሳደጉ ጩኸታም ልጆች እንደሆኑ ነገረኝ። ሰባተኛዋ ክር በየት በኩል ናት አልኩት። ከሁሉም ወፍራም ከሆነችው በላይ፣ ከእሷም የወፈረች ናት አለኝ። እንግዲያው አስመጣልኝ አልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ሁለት ቀንድ አለው፤ ሸምሶ ራሱ ከካርቶኑ ሲያወጣው አፈረ። ሰገነት ደግሞ ይህ ነገር ይናከሳል እንዴ ብላ ከመኝታ ቤት አስወጣችው። ዋጋው ከአንዲት ጊደር በታች ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ርካሽ ነው እያለ አፉን አጣመመብኝ። ርካሽ ዕቃ የሚንቅ ሰው መግዛት እንጂ መሥራት አያውቅም። እኔ አርባ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩት ማንም አስተምሮኝ አይደለም። ከፍቼ አይቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ሠርቼ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ሲመጣ ዕቃ አልነበረም። አንገቱ ጎብጧል። በአንገቱ ላይ የተሰኩት ብረቶች ጫፋቸው ስላልተሞረደ መዳፍ ይቧጥጣሉ። ገመዱን ስትሰካው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ቃኝተኸው ዘወር ስትል ቅኝቱ ይላላል። ሰባተኛዋን ክር ስትመታት ደግሞ የተሰነጠቀ ጀሪካን ትመስላለች። ሸምሶ ልመልሰው ቢለኝ እምቢ አልኩ። የምፈልገው እሱን አልነበረም፤ ከእሱ ውስጥ የማወጣውን ነበር።

አንገቱ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ብረት አለው። በቀን ጥቂት ብቻ እያጠበቅሁ በአሥራ አንድ ቀን አቀናሁት፤ እንጨትና ሽማግሌ በአንድ ቀን አይቃናም። ብረቶቹን አንድ በአንድ ሞረድኳቸው፣ አሁን ሕፃን ቢዳስሳቸው አይጎዱትም። ድምፁን የሚቀበለው ማግኔት ደካማ ስለነበር ሽቦውን በሙሉ ፈትቼ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ባወጣሁት ፀጉር በሚያህል ሽቦ እንደገና ጠመጠምኩት። ስድስት ሺህ ዙር ነው። ሰገነት አጠገቤ ተቀምጣ መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ባቄላ ሳህን ላይ ትጥል ነበር። ሦስት ጊዜ ተበጠሰ፤ ሦስቱንም ጊዜ ባቄላውን ወደ ቁና መልሳ ከአንድ ጀመረች። በአራተኛው ስንጨርስ ባቄላውን ቀቅላ አበላችኝ። ማጉረምረሙ እንዲጠፋ ደግሞ ሆዱን በመዳብ ወረቀት ለበጥኩት።

መቃኛዎቹን ልቀይር ብል የሚሸጡት ስድስት ስድስት ሆነው ነው። ሰባተኛ የለም። ከአሮጌዎቹ የተሻለውን መርጬ፣ ጥርሱን ሞርጄ፣ ለሰባተኛዋ ክር ያንኑ መለስኩላት። ከስድስቱ አዲሶች ሁለቱ ዛሬም ይላላሉ። አሮጌው ግን እንደያዘ ነው።

ቀጥሎ የምጽፍልህን በደንብ አንብብ። ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ ተደርድረው የሚያርፉበት ትንሽ ጥርስ አለ። የዚህኛው ከፕላስቲክ የተሠራ ስለነበር ድምፁን ይበላዋል፤ አጥንት ያስፈልጋል። በቤታችን የመስቀሉ በሬ ቅልጥም የታላቅ ድርሻ እንደሆነ ታውቃለህ። አምና በሳቃችሁብኝ ቀን ቅልጥሜን ሳልሰብረው፣ መቅኑን ሳልቀምስ በፌስታል ይዤው ተነሣሁ። ሰገነት ምን ሆነሃል፣ ቅልጥም ሳይበላ ይኬዳል ወይ እያለች ቡታጅራ እስክንደርስ ነዘነዘችኝ። ያው ቅልጥም ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ከርሞ ነበር። አውርጄ ጥርሱን ከእሱ ቆረጥኩ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ሃይሚ ቅዳሜ ልትጠይቀን መጥታ ሳለ በስልኳ ጊታር የሚሠራ አንድ ፈረንጅ እያሳየችኝ አጥንቱ መጀመሪያ ስቡ መውጣት አለበት ብላኝ ነበር። አንቺ ሳትወለጂ ሬዲዮ እጠግን ነበር ብዬ መለስኳት። ጥርሱን ሰክቼ ክሩን ወጥሬ ስመታው ድምፁ ጆንያ ውስጥ እንደገባ ዶሮ ታፈነ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የጎረቤታችን የሃሊማ ድመት የጊታሩን ራስ ስትልስ አገኘኋት። ሃሊማ ድመቷን ልትወስድ መጥታ፣ ጋሼ፣ ሙዚቃው ለድመትም ይጣፍጣል ማለት ነው ብላ ስቃብኝ ሄደች። የተረፈውን አጥንት በአመድ ውሃ ቀቀልኩት፣ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ እንደ ወተት ነጣ። ከእሱ እንደገና ቆረጥኩ። ልጅቷ ልክ እንደነበረች አልነገርኳትም፤ አንተም አትንገራት።

ጊታሩ ካለቀ በኋላ እጄን ማስተማር ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አውራ ጣቴ ሥራ ፈት ነበር፤ የእሱን ሥራ የምትሠራው አንተ ነበርክ። አሁን አራቱ ጣቶች ዜማውን ሲይዙ እሱ ብቻውን በሰባተኛዋ ክር ላይ ያንተን መንገድ መሄድ ነበረበት። እናታችን እንሰት ስትፍቅ የምታንጎራጉራትን ዜማ መረጥኩ። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በየቀኑ ተለማመድኩ። ያንተ ሥራ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ቀላል አይደለም። ዜማው ሲፈጥን ቤዙ እንዳይከተለው ልጓም መያዝ ያስፈልጋል፤ አንተ ዝም ብለህ ተቀምጠህ የምትንቀላፋ ስትመስለኝ የነበረው ለካ ልጓም ይዘህ ነው። ይህን የምጽፍልህ እውነት ስለሆነ ነው፤ ላመሰግንህ አይደለም።

ዘንድሮ መስቀል የሱቁ ሥራ በዛብኝ ብለህ ቀረህ። እኛ እንደ ልማዳችን ቡኢ ተሰበሰብን። ውድነሽ አምሀ ስለሌለ የሙዚቃውን ነገር ተዉት፣ ልጆቹ በስልካቸው ያጫውቱ ብላ ነበር። ይህን ስሰማ፣ ዛሬ ዝም ካልኩ በዚያ ግቢ የእኔና ያንተ ሙዚቃ ለዘላለም እንዳበቃለት ገባኝ። አምና የሳቁት በሙሉ እዚያው ነበሩ። ጊታሩን የጫንኩት በጤፍ ጆንያ ነበር፤ ቀንዱ ወጥቶ ስለታየ ጋሼ ገሠሠ ለመስቀል ፍየል ገዝተው መጡ ብለው ተሳሳቁ። ሳቁ አልኩ በልቤ።

ገመዱን ስሰካ መብራት ጠፋ። ሁሉም አይ፣ ዕድል የለውም አሉ። እኔ ግን ይህን አገር አውቀዋለሁ። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ማጉያ ራሴ ገጣጥሜ፣ ባትሪውንም ይዤ ነው የሄድኩት። በታላቅ ወንበር፣ በባለቅልጥሙ ቦታ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ።

አምሀ፣ ጉራ አልወድም። የሆነውን ብቻ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ አሮጊቶቹ ዜማውን ለዩትና እጃቸው ከጭናቸው ላይ ተነሣ። ሰባተኛዋ ክር ስትገባ ወጣቶቹ መሬቱን በእግራቸው ያዙት፤ ጭብጨባው ግቢውን ሞላው። አንድም ሰው በረዶ አላለም። አውራ ጣቴ አንድ ቦታ እንኳ አልሳተም።

በዚህ መሃል ውድነሽ እጇ በቅቤ እንደተነከረ ከጓሮው ቤት ሮጣ ወጣች። ፊቷ በርቶ ነበር። ሁልጊዜ አንተ ወደምትቀመጥባት፣ ኮሶው ሥር ወዳለችው ግንድ ተመለከተች። ግንዷ ላይ ማንም የለም። ወደ በሩም ተመለከተች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ጋሼ፣ አምሀ የታለ?» አለችኝ። «ሰማሁት እኮ።»

ጊታሩን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ወፍራሟን ክር አየች፤ በቅቤያም እጇ አፏን ያዘች። ሰው ሁሉ ዞሮ ግንዷን አየ። እኔ መጫወቴን አላቆምኩም፤ ቢሆንም የዚያን ጊዜ የገባኝን ልደብቅህ አልፈልግም። ያን ጥቁር ዕቃ ስምንት ወር ሙሉ የሞረድኩት፣ የጠመጠምኩት፣ የቀቀልኩት ያላንተ እንደምችል ለማሳየት ነበር። ችያለሁም። ሠርቼ ያመጣሁት ግን ያንተን ድምፅ ነው። ሰባተኛዋ ክር እንደ እውነተኛ ቤዝ ጥልቅ አይደለችም፤ ጆሮ ያለው ሰው ይለያል። እኔ ጆሮ አለኝ።

ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ አጥንት ታገኛለህ። ከዚያው ቅልጥም የተረፈች ናት። ስቧ ወጥቷል፣ በደንብ ደርቃለች፤ አራት መስመር ሞርጄባታለሁ፣ ለአራት ክር ማረፊያ እንድትሆን። የቤዝ ልክ ናት። ሱራፌል በምን ላይ እንደምትሰካ ያውቃል። ሸምሶ ርካሽ ቤዝ አለ ይላል፤ ጎባጣ ቢሆን አትመልሰው፣ ወደ እኔ አምጣው። ግንዷ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ለውድነሽ ነግሬያታለሁ። የሚመጣው መስቀል ላይ እዚያ ከተቀመጥክ አውራ ጣቴን ከሰባተኛዋ ክር ላይ አነሳለሁ።

ለምሥራቅ ከሰገነትም ከእኔም ብዙ ሰላምታ፤ ጨው ትቀንስ በልልኝ። ሱራፌልን በርታ በለው፤ የሱቁን ሥራ ለእሱ ትተህ መምጣት ትችላለህ፣ ልጅ አይደለም። ማርቲን ግንባሯን ስመህ፣ የላከችልኝ መነጽር ለሽቦው ሥራ እንደጠቀመኝ ንገርልኝ። ውድነሽና ሃይሚ በያሉበት ሰላም ይሉሃል። ሃሊማም ሰላም በሉልኝ ብላለች፤ ድመቷም ደኅና ናት።

መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን በደል አንብበሃል። አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ በቃኝ። ይቅርታ ብለህ አትጻፍልኝ፣ ሽማግሌም አትላክብኝ፣ ስትመጣም አታንሳው። እኔ ከእንግዲህ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልናገርም።

ወንድምህ ገሠሠ
ቡታጅራ፣ ጥቅምት ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.