ከአያቴ ቤት ያልመጣው ሶፋ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ረጀብ 5 ቀን 1440 ዓመተ ሒጅራ፣ ካይሮ ሹብራ ውስጥ፣ አልጋዬ ሳሎን ገብቶልኝ ተኝቼ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። እኔ ራውሂያ ማንሱር፣ የትራም ትኬት ቆራጩ የአብደልጀዋድ ሚስት የነበርሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ ልቡናዬ አልከዳኝም። ማንም አላስገደደኝም፤ ካስገደደኝም ኀፍረት ነው። የሚጽፉልኝ ጎረቤታችን መምህር ፋይቅ ናቸው። ልጄ ማግዳና ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ተህያ በፊቴ ተቀምጠው ይሰማሉ።

ቤቱ የኪራይ ነው፤ የማወርሰው የሳሎኑን ዕቃ ብቻ ነው። በሳሎኑ ያለው ሁሉ ደግሞ ከቆራሌ ጋሪና ከጁምዓ ገበያ የተለቀመ ነው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርሁም። ማግዳን ሊያጩ ይመጣሉ ሲባል በቤታችን ከአንድ ምንጣፍ በቀር ለዓይን የሚሞላ ነገር አልነበረም። በአንድ ወር ውስጥ ይህን ሳሎን ሠራሁት። በእጄ ሥራ አላፍርም፤ የማፍረው በምላሴ ነው።

አንደኛ፤ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት ለማግዳ ይሁን። ስገዛው የብርጭቆ ጠብታዎቹ ግማሹ ጎድለው ነበር፤ ከተሰቀሉት አሥራ አንዱ የሽቶ ጠርሙስ ክዳኖች ናቸው። ልጄ ሆይ፣ ስታጥቢው ኮምጣጤ አታስነኪው።

ሁለተኛ፤ የወርቅ ቅብ ያለው መስታወት ለማግዳ አማት ለሐጃ ዚናት ይሁን፤ አርባ ዓመት ሻሿን አስተካክላበታለችና። ከፊቱ የቆመውንም የአበባ ማስቀመጫ አብራ ትውሰድ፤ ስንጥቁን የሚሸፍነው እርሱ ነው።

መጋረጃው ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የመጣ ነው፤ ሲጋራ ያቃጠለውን ጫፍ ቆርጬ ዘምዝሜዋለሁ። ለማንም አይሁን፤ አልቋል።

ሦስተኛውን ለመናገር ውኃ ጠጥቻለሁ።

ሶፋው ከነሁለት ወንበሩ ለተህያ ይመለስ። ይመለስ ማለቴ የእርሷ ስለ ነበር ነው። ባሏ ታሞ በተኛበት ዓመት፣ ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ በገባበት ሰዓት፣ ጎረቤት እንዳያይባት ለቆራሌው አወረደችው። ቆራሌዎች ሕግ አላቸው፤ ከአንድ ሰፈር የገዙትን በዚያው ሰፈር አይሸጡም፤ የሰው ገመና ነውና። እኔ ግን በመስኮት አይቼ ጋሪውን ተከትዬ ሮጥሁ።

«ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው! ባለቤቱ እኮ ከላይሽ ነው የምትኖረው» አለኝ።

«ልብሱን እቀይረዋለሁ፤ የሠራው አናጢ እንኳ አያውቀውም» ብዬ ማልሁለት። አረንጓዴ ከፋይ አለበስሁት።

ማግዳ ታጭታ ፋቲሓ በተቀራበት ዕለት ተህያ እንኳን ደስ አላችሁ ልትል ወረደች። ተቀመጠች። እጇን በመደገፊያው እንጨት ላይ አሳለፈች። ሐጃ ዚናትም፦ «እንዴት ያለ ሶፋ ነው! ከየት አገኛችሁት?» ብላ ጠየቀች።

«ከአያቴ ቤት ነው፤ የፓሻ ጸሐፊ ነበሩ። ዕቃ ማለት ይሄ ነው! እስቲ ተህያን ጠይቋት፣ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ላይ ተቀምጣ ታውቃለች?» አልሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ተህያም፦ «የት አውቄ! አላህ ይዘንላቸው፣ አያትሽ ዕቃ ያውቁ ነበር» ብላ ተነሥታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ስታመም ሾርባ አምጥታልኛለች፤ ባሌን ስቀብር አብራኝ አልቅሳለች። ሳሎኔን ግን ከዛሬ በቀር ረግጣው አታውቅም፤ ኩሽና ቆማ ትመለስ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም፤ አውቅ ነበርና። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ይደብቃል፤ እኔ ግን ባለቤቲቱን በላዩ አስቀምጬ አሳቅሁባት።

እዚህ ላይ ተህያ አቋረጠችኝ፤ መምህር ፋይቅም ያለችውን እንዲጽፉ አዘዝሁ።

«ሶፋውን ምን ላድርገው? ሸጬዋለሁ፣ ዋጋውም በመድኃኒት አልቋል። አንቺ የማግዳ እናት፣ እንጨት አልወሰድሽብኝም። ያን ቀን ያልሽውን፣ ባልሽበት ሰው ፊት ውሸት ነበር ብለሽ አንሺልኝ። ሐጃ ዚናት ይኸው አንቺን ልትጠይቅ መጥታ እዚያ ክፍል ተቀምጣለች።»

ማግዳም፦ «ኧረ እትዬ ተህያ፣ በዚህ ዕድሜዋ ባታዋርጃት ምናለ!» አለች።

እኔም ፈራሁ። «ከሞትሁ በኋላ ይነበብላት» አልሁ።

«ከሞትሽ በኋላማ ማን ሊያፍርልኝ ነው?» አለች ተህያ።

ሐጃ ዚናት ተጠርታ መጣች። ሶፋው የማን እንደ ነበር፣ እንዴት እንደ ገዛሁት፣ አያቴም የአህያ ጋሪ ነጂ እንደ ነበሩ ነገርኋት። ፊቷን ማየት አልቻልሁም፤ ብርድ ልብሴን ነበር የማየው። እርሷም፦ «ታዲያ ያን ቀን እኔ የሳቅሁት በማን ነው?» አለች።

ማግዳ ሆይ፣ ከገበያ የለቀምሽውን ከገበያ ለቀምሁት በይ፤ የእናትሽ ምክር ይህ ብቻ ነው። ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የምቀንሰው የለኝም።

የተናዛዥዋ የራውሂያ ማንሱር የጣት አሻራ።

ጸሐፊና ምስክር፣ መምህር ፋይቅ ሺሃታ፤ ፈርሜያለሁ።

ምስክር፣ ተህያ አቡልዓይነይን፤ በገዛ እጇ እንዲህ ጽፋ የፈረመችበት፦ «ያለችውን ሁሉ በሐጃ ዚናት ፊት ብላለች፤ እመሰክራለሁ። ይቅርታውን ግን ዛሬ አልጻፍሁም። አድሬበት ነገ ወርጄ እነግራታለሁ፤ እስከዚያ እንዳትሞት።»