የፀዳዋ ፔጆ

ናስር፣

ፌስቡክ ላይ ያሳየሁህን ባለ ሦስት ረድፍ መቀመጫ አሮጌ ፔጆ ፀዳ ድረስ ሄጄ አየኋት። «ሆዷን ዝገት በልቶታል፣ ተዋት» ብለኸኝ አልነበር? ከሥሯ ገብቼ ቆርቆሮዋን አንኳኳሁት፤ ሸጋ ነው።

ባለቤቷ አያ ኪዳነወልድ ግን አፈሩ። «አብሮህ የሚኖረው ልጅ ትናንት መጥቶ ቃል አስገብቶኛል። አንተ ከፈለግሃት ግን...» አሉኝ።

እምቢ አልኩ። ወንድም በተዋዋለበት ላይ ገብቶ መግዛት ሐራም መሆኑን አብረን ነው የቀራነው። አንተ ረስተኸው ይሆናል።

የኋላ ግራ ጎማዋ ይተነፍሳል፤ ሳታስነፋ እንዳትነዳት።
ወጥ ድስቱ ውስጥ አለ።
የእኔን ቁልፍ ለአከራያችን ሰጥቻቸዋለሁ።

ሰባት ሰው ትይዛለች አሉኝ። እኔን አትቁጠረኝ።

ሙስዓብ