የአባትሽ ውጤትና የቆየው ገጽ

ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው አይጥፋብሽ። እኔ ድካሙ ነው እንጂ ደህና ነኝ። የሚያፈሰውን የሳሎን ጣሪያ አጎትሽ ጠግኖልናል።

አባትሽ ሳንባውን ተመርምሮ ውጤቱን በኮምፒውተር ጠብቁ ተባልን። ጠዋት ጠዋት የሐኪም ቤቱን ገጽ ስከፍት «ገና አልደረሰም» ይለኛል። እሱ ሲያስል፣ እኔ ስከፍት ዘጠኝ ቀን አለፈ። ሲጨንቀኝ የሰፈራችንን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራሁት።

«ማዘር፣ ችግሩ ካሹ ነው» አለኝ።

ገንዘብ መስሎኝ «ኧረ ለሐኪም ቤቱ ከፍያለሁ» አልኩት።

ሳቀና «ብሮውዘሩ፣ ማለት ገጽ የሚከፍትልዎት ፕሮግራም፣ ገጹን ቶሎ ለመክፈት ኮፒ ያስቀምጣል፤ ካሽ የሚባለው እሱ ነው። ሲያሳይዎት የሰነበተው የመጀመሪያውን ቀን ኮፒ ነው» አለኝ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የተጠራቀመውን አጠፋና ገጹን እንደገና ከፈተው። ውጤቱ ከወጣ ሳምንት አልፎታል፤ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል።

ያኔውኑ አባትሽን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ውሃው ተቀዳለት፣ አሁን ተጋድሞ መተኛት ችሏል። ሐኪሙ «በጊዜ ደርሳችኋል» ቢለኝም፣ ያን ሁሉ ቀን ገጹን አምኜ መቀመጤ ከሆዴ አልወጣ አለ።

እንዳልነገርኩሽ ሆነሽ ደውይለት፤ ድምፅሽን የሰማ ቀን ምግብ ይበላል። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፤ እኔንም ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ