ነጩ፣ ቢጫውና ዱቄቱ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ
ሸሚዜን ተኮስኩ። ቃለ መጠይቁ ዓርብ ጠዋት ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ የጠራኝ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት... ወንበሬ መስኮት አጠገብ ይሆን? ጅል ነኝ። ጉሮሮዬን ትንሽ ይከረክረኛል። ምንም አይደለም።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ
ምንም አይደለም ብዬ ነበር! አፍንጫዬ ተደፍኗል፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ትኩሳትም አለኝ። አክስቴ መድኃኒት የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከቁም ሣጥን አወረደች። እሷ ቤት መድኃኒት የሚጠራው በቀለሙ ነው። ከእሽጉ ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ በመቀስ እየቆረጠች ስለምታካፍል፣ የሚቀረን ስም የሌለው ቁራጭ ነው። ነጩ ለራስ ምታት፣ ቢጫው ለአፍንጫ። ማታ ደግሞ በሙቅ ውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት። ሁሉንም እሺ አልኩ። እስከ ዓርብ መዳን አለብኝ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ
ቀለል ሲለኝ መድኃኒቱን ጨመርኩበት። ይበልጥ ይፍጠንልኝ ብዬ... ከሰዓት በኋላ ልለማመድ ብቀመጥ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ሆዴን ያቅለሸልሸኛል። ዓርብም እንዲህ ባንቀላፋስ? የሚያነቃ ነገር ልግዛ ብዬ ፋርማሲ ሄድኩ።

ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ምን እንደወሰድኩ ጠየቀችኝ። በቀለም ነገርኳት። አልሳቀችም። አምጪና ልያቸው አለች። ቆርቆሮውን እንዳለ ተሸክሜ ተመለስኩ። ቁራጮቹን ከመደርደሪያዋ ሙሉ እሽጎች ጋር አስተያየቻቸው።

"የኔ እህት፣ ሦስት መድኃኒት የወሰድሽ መስሎሻል። ሦስቱም ውስጥ ያለው አንድ ነው፣ ፓራሲታሞል።"

ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ቢጫው ውስጥ ደግሞ እንቅልፍ የሚያመጣም አለበት። ማቅለሽለሹን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ አሁኑኑ ክሊኒክ ሂጂ፣ ቆርቆሮውንም ይዘሽ አለችኝ። ደም ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ስለ ወንበሩ አላሰብኩም።

ጉበቴ ደህና ነው።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ
ውሃ። ሾርባ። እንቅልፍ። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጉንፋኑን አያባርርም ብለውኛል። ታዲያ ለምን ነበር ያ ሁሉ ጥድፊያ?

ጥቅምት 8፣ ዓርብ
ማስክ አድርጌ ሄድኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነው። ከጠያቂዎቹ አንዷ፣ ሴትዮዋ፣ አዘነችልኝ።

"ደውለሽ ሌላ ቀን ስጡኝ አትይም ነበር?"

"ይቻል ነበር እንዴ?"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ሳል እስኪያንቀኝ። አንድ ስልክ ደውዬ መጠየቅ ስችል...

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ
አክስቴ ጉንፋን ያዛት፣ ከእኔ ነው። ቢጫውን ልትውጥ ስትል እጇን ያዝኩ። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ይስማማት አይስማማት ማን ያውቃል? ልጠይቅላት ተነሳሁ።

"ሥራ ሳትይዢ አለቃ ሆንሽብኝ" አለችኝ።

ፋርማሲስቷ ይሄ ለእሷ አይሆንም አለችኝ። የሚሆናትን ከነካርቶኑ ይዤላት መጣሁ። አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን "ነጩ አለሽ?" እያለች ገባች። አክስቴ እንደ ልማዷ መቀሱን አነሳች። አየችኝ። መልሳ አስቀመጠችው።

"ፋርማሲስቷን ጠይቂያት" አለቻት፣ "የምትወስጅውን ሁሉ ንገሪያት ደግሞ። ይቺ ልጅ አላስቆርጥ አለችኝ።"

መሥሪያ ቤቱ እስካሁን አልደወለም። ነገ ጠዋት እኔው ደውዬ እጠይቃለሁ።