ዝጋልኝ ስትለኝ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ
ለሚመለከተው ሁሉ፣ ማለትም ለእኔ፦ የቢሯችን ብቸኛ ደህና ማውስ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከመስኮቱ ጠረጴዛ ወደ እኔ ጠረጴዛ መዛወሩ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል። ተቃውሞ አልቀረበም። ካርታ ሠሪያችን፣ ባለማክ ኮምፒውተሩ፣ ማውስ ይንቃል። በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ ነው፣ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስል። የስሌት ባለሙያዋ፣ በነጻ የሚወርደውን ሊኑክስ የምትጠቀመው፣ ማውስ የሰነፍ ምርኩዝ ነው ባይ ናት። ጥቁር ስክሪን ላይ ፊደል ታዘንባለች። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ጸሐፊውና የዊንዶውሱ ሕዝብ። ችግር ሲገጥመኝ አጥፍቼ አበራለሁ።

የስሌት ባለሙያዋ ዛሬ ለደንበኛ የምናስረክበውን የጎርፍ ካርታ ስሌት አስጀመረች። ወንዙ ቢሞላ የትኛው ቤት ይወሰዳል? ማሽኗ አራት ቀን ሳያርፍ ያሰላል። አለቃ ቁርጡን ነገራት፦ "ዓርብ ካልደረሰ ኮንትራትሽን አላድስም።"

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ
በምሳ ሰዓት ደወለች። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

"የኔ ወንድም፣ ማሽኔን ክፍት ትቼው ወጣሁ። ዝጋልኝ እስቲ።"

"ምን ገዶኝ!"

ሄድኩ። ፊደል ይሮጣል። ግራ ጥግ ላይ እንደ ዊንዶውስ የሚጫኑት ነገር የለም... ምን ዓይነት አገር ነው ይሄ? የኃይል ቁልፉን ተጭኜ መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ምሳዬን ጽድቅ እንደሠራ ሰው በላሁ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት
ተመልሳ ማሽኗን ጠፍቶ ስታገኘው ጮኸች።

"ዘግተህልኝ አልነበር?"

"ዘግቻለሁ!"

"ታዲያ ከቆለፍከው በኋላ ማን ነካው?"

ከቆለፍከው... ለካ ለእሷ መዝጋት ስክሪኑን ብቻ መቆለፍ ነው! ካርታ ሠሪው ቢሆን ክዳን ከደን አድርጎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን...

አለቃ ብቅ አለ። "ምን ሆነ?" ሁሉም እኔን አየ። "ራሱ ጠፋ" አልኩ።

እዚህም እንደዚያው ይመዝገብ፦ ማሽኑ ራሱ ጠፋ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ
ስሌቱ እንደገና ከዜሮ። የሚያልቀው እሑድ ነው። አለቃ "ድሮም በነጻ የሚወርድ ነገር!" አለ። ካርታ ሠሪው ቤንዚን ጨመረበት፦ "የኔን እኮ ካጠፋሁት ስድስት ወሬ ነው።"

ሁለት ልጆች ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ምን አገባኝ? ... አገባኝ እንጂ።

ከሰዓት አጠገቤ ቆመች።

"ማሽኑ የሆነውን ሁሉ ይጽፋል። 7፡12 ላይ ቁልፉ ተጭኗል። ካርታ ሠሪው ይሆን እንዴ?"

"እ... እኔ እንጃ።"

አተኩራ አየችኝ። ታውቅ ይሆን?

ጥቅምት 7፣ ዓርብ
አለቃ ጠራኝ። የስንብት ደብዳቤዋን የምጽፈው እኔ!

"'ማሽኗ የማያስተማምን በመሆኑ' ብለህ ጀምር።"

ሦስት ቃል ጻፍኩ። እጄ እምቢ አለ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"የዘጋሁት።"

በሩ ክፍት ነበር። ሰማች። ገባች።

"ዝጋው ስልህ ግደለው አልኩህ?"

"በኛ በዊንዶውስ ቤት አንድ ነው እህቴ..."

ማንም አልሳቀም። አለቃ ለደንበኛው ደውሎ እስከ ሰኞ እንዲታገሰን ለመነ። የእሷ ኮንትራት ይታደሳል። ደብዳቤው ላይ ስሟ ወጥቶ ስሜ ገባ፦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ራሴው ተየብኩት፣ ያለ አንድ ግድፈት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ
ካርታው ደረሰ። ከዓርብ ጀምሮ ያላናገረችኝ ሴት ዛሬ ወንበር ሳበችልኝ።

"ቁጭ በል። ቆልፍ።" ቆለፍኩ። "ክፈት።" ከፈትኩ። "አሁን ዝጋ።"

እጄን ኪሴ ከተትኩ። "የቱን መዝጋት?" አልኳት።

ሳቀች መሰለኝ።

እርማት፦ በጥቅምት 5 ማስታወሻ "ማሽኑ ራሱ ጠፋ" ተብሎ የሰፈረው "አጠፋሁ" ተብሎ ይነበብ።